ቅጣት ዋጋ አይደለም

በዛሬው ዘመን «ከፍያለሁ» እንደምትለው ቃል አፍ የምታዘጋ ቃል የለችም። ቀድሞ ሰው ነውር ሠርቶ የተያዘ እንደ ሆነ «ጠላት አሳሳተኝ» ይል ነበር፤ አንገቱንም ይደፋ ነበር። ዛሬ ግን ደረሰኙን ከኪሱ ያወጣል። ደረሰኙን ያየ ሁሉ ዝም ይላል፤ ምክንያቱም የከፈለ ሰው ባለመብት ነው፣ ባለመብት ደግሞ አይጠየቅም የሚል እምነት ሳናውቀው በሁላችንም ልብ ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ይህን እምነት እቃወማለሁ። የምቃወመው ገንዘብ ክፉ ነው ለማለት አይደለም፤ ይህን ስብከት አብዝተው የሚወዱት ብዙ ጊዜ ገንዘብ የሞላቸው ሰዎች ናቸው። የምቃወመው በገንዘብ የሚገዛውንና የማይገዛውን ለይቶ ማወቅ ከመካከላችን እየጠፋ ስለ ሄደ ነው።

ወጣት አንባቢዬ፣ ነገሩ በአየር ላይ እንዳይቀር ካየሁት ልነሣ። ያየሁት በአሜሪካ አገር፣ በቴክሳስ ግዛት፣ በአደን ላይ ነው። «አደንና እኛን ምን አገናኘን?» ብለህ ገጹን እንዳትገልጥ፤ ነገሩ እኛ ቤት ሳይደርስ የሚቀር አይደለም።

በቴክሳስ ከመቶው እጅ ከዘጠና የሚበልጠው መሬት የግል ርስት ነው። ስለዚህ ማደን የሚፈልግ ከተሜ ወደ አንድ ባለርስት ሄዶ የአደን ኪራይ ይዋዋላል። አምስት ስድስት ሰዎች ሆነው ገንዘብ ያዋጡና የርስቱን በር ቁልፍ ለአንድ የአደን ወራት ይቀበላሉ። በዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። በግዛቲቱ ሕግ የዱር አውሬ የባለርስቱ ገንዘብ አይደለም፤ የመላው የግዛቲቱ ሕዝብ ሀብት ነው። እንግዲህ ባለርስቱ የሚሸጠው መግቢያውን ነው። ተከራዩም ሁለት ሺህ ዶላር ሲከፍል የገዛው በሩን ነው እንጂ ከበሩ ወዲያ የሚመላለሰውን ነፍስ አይደለም።

ከዚህ ኪራይ የሚገኘውን በጎ ነገር አልክድም። ከብት አርብቶ ብዙ ያላተረፈ ባለርስት ዱሩን መንጥሮ፣ መሬቱንም ቆራርሶ ለቤት ሠሪዎች እንዳይሸጥ የሚይዘው አንዱ ነገር ይኸው ገንዘብ ነው። ደግሞም በ1937 (ዓመታቱን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ) በወጣው ሕግ መሠረት ከአደን ጠመንጃና ጥይት ሽያጭ ላይ ከመቶ 11 ቀረጥ ይሰበሰብና ለዱር አራዊት ጥበቃ ለየግዛቶቹ ይከፋፈላል። ነጭ ጅራት የሚሉት አጋዘን በ1900 ገደማ ሥጋና ቆዳ ለገበያ በሚያወጡ አዳኞች እጅ ሊያልቅ ተቃርቦ ነበር፤ ዛሬ በቴክሳስ ብቻ በሚሊዮን ይቆጠራል። የተመለሰው በሕግ፣ በገንዘብና በብዙ ሰዎች ትዕግሥት ነው። ትዕግሥት ያልኩትን ያዝልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ስለ ቀንዱም አንድ ቃል ልናገር። እኛ አገር አጋዘን የምንለው እንስሳ ቀንዱ እስኪሞት ድረስ ከራሱ አይለይም። የአሜሪካው ግን ክረምታቸው ሲያልቅ ቀንዱን ይጥልና በጸደይ እንደ ቡቃያ አዲስ ያበቅላል። ስለዚህ ቀንድ ብቻ ለማግኘት የሚደክም ሰው ጥቂት ሳምንታት ቢታገሥ ከመሬት በነጻ ያነሣው ነበር። ይህን ለአዳኞቹ ብነግራቸው ሳቁብኝ፤ መልስ ግን አልሰጡኝም።

በ2002 የግዛቲቱ የዱር አራዊት መሥሪያ ቤት በስድስት ወረዳዎች አዲስ ደንብ አወጣ። ከዚያ በፊት በእነዚያ ወረዳዎች ከሚገደሉት ወንዶች አብዛኞቹ የመጀመሪያ ቀንዳቸውን ያወጡ የዓመት ተኩል ልጆች ነበሩ። አዲሱ ደንብ ቀንዱ ቅርንጫፍ ያላወጣውን ትቶ፣ ከቀሩት ወንዶች በሁለቱ ቀንዶች መካከል ያለው ስፋት 13 ኢንች፣ ማለት 33 ሴንቲሜትር ያልሞላውን መግደል ከለከለ። በዱር ውስጥ ሜትር ይዞ የሚለካ የለምና መለኪያው የራሱ የአጋዘኑ ጆሮ ነው፤ ጆሮውን ባቆመ ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ 13 ኢንች ያህል ስለሚሆን፣ ቀንዱ ከጆሮው ጫፍ አልፎ የታየ እንደ ሆነ ይፈቀዳል። ብልህ ደንብ ነው፤ በኋላም ወደ ብዙ ወረዳዎች ሰፋ። ዳሩ ግን ሕጉ የሚለካው ስፋትን ነው፤ ዕድሜን አይለካም። መልካም ምግብ ያገኘ የሁለት ዓመት ተኩል ወንድ ቀንዱ ከጆሮው ሊያልፍ ይችላል፤ ሙሉ አካሉን የሚያገኘው ግን አምስት ዓመት ከሞላው በኋላ ነው።

እኔ የማውቃቸው ስድስት ተከራዮች ከሂውስተን በስተምዕራብ፣ ከእነዚያ ወረዳዎች በአንዱ በኮሎራዶ ወረዳ መሬት ይዘው፣ ሕጉ ከሚጠይቀው በላይ እርስ በርሳቸው ተዋዋሉ። አምስት ዓመት ያልሞላው ወንድ አይገደልም፤ ተላልፎ የገደለ 500 ዶላር መቀጫ ይከፍላል፤ ገንዘቡም ለበቆሎ መግዣ ይውላል። በቆሎ ያልኩት በሰዓት የሚሠራ መሣሪያ ጧትና ማታ ለአጋዘኑ የሚበትነውን ነው። የቴክሳስ ሕግ ይህን ይፈቅዳል። እኔ አልወደውም፤ ማዕድ ዘርግቶ የጠሩትን እንግዳ እንደ መግደል ይመስለኛል። የዛሬው ክርክሬ ግን ይህ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

ከስድስቱ ታላቅየው ከእኔ ጋር የሠሩ፣ አሁን ጡረታ የወጡ ብረት በያጅ ናቸው። ታናሽየው ደግሞ በእርጅና በወጣ ሰው ምትክ በዚያ ዓመት የገባ የአገሬ ልጅ፣ የጭነት መኪና ነጂ ነው። እኔ አዳኝ አይደለሁም፤ ሽማግሌው ና እይ ስላሉኝ መነጽር ብቻ ይዤ ሄድኩ፤ ከልጁም ጋር አስቀመጡኝ።

ጾመ ነቢያት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ወጥተን ማማው ላይ ተቀመጥን። ማማ ያልኩት በምሳሌ አይደለም፤ በአራት እግር የቆመ፣ በየወገኑ መስኮት ያለው የሳንቃ ቤት ነው። ልጁ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ እኔ እኮ ወሎ ማማ ላይ ዝንጀሮ ስጠብቅ ነው ያደግሁት» ብሎ ሳቀ። ከፀሐይ መውጣት ግማሽ ሰዓት በፊት መተኮስ አይፈቀድምና ጨለማ ውስጥ ቁጭ አልን። ቀስ እያለ ጎሕ ቀደደ፤ በመጀመሪያ የዛፎቹ ቁመት፣ ቀጥሎም ጭጋጉ ከሣሩ ላይ ሲነሣ ታየ። ሁለት እንስቶች ከነግልገላቸው መጥተው በቆሎውን መልቀም ጀመሩ። አንድ ትንሽ ወንድ መጣ፤ ቀንዱ ገና እንደ መንሽ ሁለት ጣት ብቻ ነበር። ልጁ አየውና ተወው። እንዲህ ያለ ጸጥታ በከተማ ለሚኖር ሰው መድኃኒት ነው፤ ሌላ ምንም ሳይመጣ ፀሐይ ብትወጣ ኖሮ እኔ በበኩሌ ጠግቤ ነበር።

ከዱሩ ጫፍ ስምንት ቅርንጫፍ ያለው ወንድ አፍንጫውን መሬት ላይ አድርጎ፣ የእንስቶቹን ዱካ እያሸተተ ወጣ። ቀንዱ ከጆሮው ጫፍ በግራም በቀኝም ሁለት ሁለት ጣት አልፏል፤ ሕጉን አሟልቷል። ነገር ግን ሽማግሌው ማታ በእሳት ዳር አስተምረውን ነበር። ያረጀ ወንድ በዚህ ወራት አንገቱ አብጦ ከደረቱ ጋር አንድ ይሆናል፤ ጀርባው ይጎብጣል፣ ሆዱ ይወርዳል፣ ስለዚህም እግሩ አጭር መስሎ ይታያል። ወጣቱ ግን የእሽቅድምድም ፈረስ ይመስላል። ይህኛው ወገቡ ቀጭን፣ ሆዱ ወደ ላይ የተሰበሰበ፣ እግሩ ረጅም ነበር።

«ተው፣ ገና ልጅ ነው» አልኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ ጠመንጃውን እያስተካከለ። «ከሥራ የማርፍባቸው ሦስት ቅዳሜዎች ናቸው የነበሩኝ፤ ሁለቱ አለፉ። ሁለት ሺህ ዶላር ከፍያለሁ። አምስት መቶውን እጨምራለሁ።»

ተኮሰ። ጥሩ ተኳሽ ነው፤ እንስሳው ሃምሳ እርምጃ ያህል ሮጦ ወደቀ፣ አልተሠቃየም።

ወደ ሰፈሩ በወሰድነው ጊዜ ሽማግሌው መንጋጋውን ከፍተው ጥርሱን አዩ። ጥርስ እየተበላ ሲሄድ ከነጩ ልባስ ሥር ያለው ቡናማ እየሰፋ ይመጣልና ዕድሜው ከዚያ ይነበባል። በመጀመሪያው መንጋጋ ጥርስ ቡናማው ከነጩ ሰፍቷል፤ በሁለተኛው ግን ገና ጠባብ ነበር። ሦስት ዓመት ተኩል ሆነ። ልጁ ሳይጠየቅ አምስት አዲስ የመቶ ዶላር ኖቶች ቆጥሮ በመኪናው መጫኛ ላይ አኖረ። ማንም ምንም አላለም፤ ምን ይባላል? ሕጉ ፈቅዷል፣ ውሉም ተፈጽሟል። ሽማግሌው ስልካቸውን አውጥተው ዛፍ ላይ የታሰረው ካሜራ ያነሣውን ያንኑ አጋዘን፣ ያምናውን፣ አሳዩን። «አምና ሁለት ጊዜ ከፊቴ ቆሞ ነበር፤ ያን ጊዜም ቀንዱ ከጆሮው አልፏል» አሉ። ከዚያ ቢላዋቸውን ይዘው ቆዳውን በመግፈፍ ረዱት።

ስንመለስ ልጁ መኪናውን እየነዳ ተከራከረኝ፤ ክርክሩንም እንደ ቀላል ማለፍ አይገባም። «ሕግ አልጣስኩም። ውሉ መቀጫ አስቀምጧል፣ መቀጫውን ከፍያለሁ። ሥጋውን እበላዋለሁ። ታዲያ የተጎዳው ማን ነው?» አለኝ።

የተጎዱት አምና ያልተኮሱት ናቸው። ያ አጋዘን በዚያ ጧት በዚያ ሜዳ ላይ የተገኘው በቆሎው ስለ ጠራው ብቻ አይደለም። ሽማግሌው ሁለት ጊዜ ጣታቸውን ከቃታው ስላነሡ ነው። ከጓደኞቻቸውም አንዱ እንደዚሁ እንዳለፈው በኋላ ሰማሁ። ለዚህ ማንም ገንዘብ አልተቀበለም፤ ማንም ገንዘብ አልጠየቀም። እነርሱ ዛሬ የሰጡትን ነገ ከጓደኞቻቸው መታገሥ እንደሚያገኙት አምነው የሰጡት ነገር ነው። ልጁ በሩን ገዛ፤ የአጋዘኑን ሦስት ዓመት ተኩል ግን ሌሎች ሰዎች ሰጡት። የሰጡትን ተቀብሎ እርሱ ለሚመጣው ዓመት ምንም ሳያኖር ሄደ፤ የተወውም አምስት መቶ ዶላር በቆሎ ይሆናል እንጂ የሽማግሌውን ሁለት ጧቶች አይመልስም።

ዋጋና ቅጣት በአንድ ዓይነት ወረቀት ስለሚከፈሉ አንድ ይመስላሉ። ነጋዴ ዋጋ ሲናገር «ና ውሰድ» ማለቱ ነው፤ ብትወስድ ደስ ይለዋል። ማኅበር መቀጫ ሲያስቀምጥ ግን «አታድርገው» ማለቱ ነው፤ አንድም ሰው ባይከፍለው ደስ ይለዋል። ስለዚህ አስቀድሞ አስልቶ፣ መቀጫውን እንደ ዋጋ ቆጥሮ የተላለፈ ሰው ውሉን አልፈጸመም። የማኅበሩን «አታድርግ» በራሱ ሥልጣን ወደ «ና ውሰድ» ለወጠው። ያ ልጅ ዕድሜውን በዓይኑ ሲገምት ተሳስቶ ቢሆን ኖሮ አምስት መቶው እውነተኛ መቀጫ በሆነና እኔም ይህን ባልጻፍኩ ነበር። «አውቃለሁ ጋሼ» ነው ያለኝ።

አባቶቻችን ይህን ልዩነት ያውቁት ነበር። በአገራችን በብዙ ቦታ ነፍስ የጠፋ እንደ ሆነ ሽማግሎች ገብተው የደም ካሳ ያስከፍላሉ፤ ገዳዩም ያለቅሳል፣ ይማጠናል፣ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ይለምናል። አንድ ባለብዙ ከብት ሰው አስቀድሞ በረቱን ቆጥሮ «ካሳው አይከብደኝምና እገሌን ልግደለው» ቢል ካሳውን የሚቀበል ሽማግሌ ይገኛል? ላሞቹ እነዚያው ላሞች ናቸው፤ ነገሩ ግን ሌላ ሆኗል።

ወደ እድራችን እንምጣ፤ በአሜሪካም በየከተማው አለ። ቀብር የቀረ አባል መቀጫ ይከፍላል። ደንቡ የወጣው ሰው ሁሉ ቀብር እንዲመጣ ነው። አሁን ግን፣ ወጣት አንባቢዬ፣ በዓመቱ መጀመሪያ የዓመቱን መቀጫ ጠቅልለው ከፍለው የሚገላገሉ ወንድሞች አሉን፤ «ሥራ ይበዛብኛል፣ ቅጡኝ» ይላሉ፤ ገንዘብ ያዡም ያመሰግናቸዋል። እድሩ ድንኳንና ወንበር ገዛ፤ ከልቅሶኛው ጎን የሚቀመጥ ሰው ግን አነሰ። ይህን ሁሉ ያመጣው «ከፍያለሁ» ነው።

የእኔ ብቻ ሐሳብ እንዳይመስልህ፤ በእስራኤል አገር በሃይፋ ከተማ ዩሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ነገሩን በፈተና አይተውታል። በሕፃናት ማዋያ ቤቶች ልጆቻቸውን ለመውሰድ በሚዘገዩ ወላጆች ላይ 10 ሰቅል መቀጫ ተደረገ። ዘግይተው የሚመጡት ይቀንሳሉ ሲባል በእጥፍ ያህል ጨመሩ። ቀድሞ ሞግዚቲቱን ማስመሸት ያሳፍራቸው የነበሩት አሁን ጊዜዋን የገዙ መሰላቸው። የበለጠ የሚያስደንቀው መቀጫው ከተነሣ በኋላም ነገሩ ወደ ቀድሞው አለመመለሱ ነው። ጽሑፉ በ2000 ታትሞ ወጥቷል።

ደግሞ መቀጫ ዋጋ በሆነበት ማኅበር ደንቡ በድኾች ላይ ብቻ የሚሠራ ይሆናል። ከስድስቱ ተከራዮች መካከል ጡረተኛው ሽማግሌ አምስት መቶ ዶላር ካወጡ ወሩ አይደርስላቸውም፤ ስለዚህ ወጣቱን አጋዘን ለማለፍ ይገደዳሉ ማለት ይቻላል። ሌላው በቀላሉ ያወጣዋል። ሽማግሌው ግን የሚያልፉት በገንዘቡ ፈርተው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ መቀጫው ከመጻፉ በፊትም ያልፉ ነበር። እንግዲህ ልጁ ኖቶቹን ሲቆጥር የሽማግሌውንም መታገሥ አብሮ ዋጋ ሰጠው፤ ድኽነት አስመሰለው። በዚያ ጧት ከሁሉ የከፋብኝ ይህ ነበር።

አንዳንዱ ደግሞ በሌላ ወገን ተነሥቶ «አንተ ሰውዬ፣ ነፍስ ጠፍቶ ስለ ውል ታወራለህ፤ ሦስት ዓመት ሆነ አምስት፣ መግደል መግደል ነው» ይለኛል። ይህን የሚለኝ ሰው በፋሲካ ክትፎውን በልቶ ከሆነ ብዙም አልከራከረውም። ከሥጋ ሁሉ የተለየ ባሕታዊ ከሆነ ግን አከብረዋለሁ፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን አምስት ዓመት ከሚጠብቅ ሰውና ከማይጠብቅ ሰው አንዱን ጎረቤት አድርገህ ምረጥ ቢባል የትኛውን እንደሚመርጥ አይቸግረውም።

ስድስቱ ለሚቀጥለው ወራት ውላቸውን በሚያድሱበት ጊዜ ሽማግሌው ሐሳቤን ጠየቁኝ። አምስት መቶውን ሰርዙት አልኳቸው። በምትኩ ያልደረሰውን ወንድ እያወቀ የገደለ ሰው የሚቀጥለውን ወራት ኪራዩን እንደ ማንኛውም ሰው ከፍሎ፣ ጠመንጃውን ቤቱ ትቶ፣ መነጽርና ደብተር ይዞ ማማው ላይ ይቀመጥ፤ የሚያልፈውን ሁሉ ከነዕድሜው ግምት እየጻፈ ማታ ለጓደኞቹ ያንብብ። ከመካከላቸው አንዱ «በቆሎውን በምን እንገዛለን?» አለ። ሌላው «ሁለት ሺህ ዶላር ከፍሎ ደብተር የሚይዝ ሞኝ ከየት ይገኛል?» አለ። ለሁለተኛው፣ የማይገኝ ከሆነ እያወቀ የሚተኩስ አይኖርማ ብዬ መለስኩ፤ ለመጀመሪያው መልስ አልነበረኝም፣ በቆሎው ባይገዛም ግድ የለኝም። የአገሬ ልጅ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ነበር። በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «ጋሼ፣ ይሄስ ከባድ ነው፤ አምስት መቶው ይሻለኝ ነበር» አለኝ። ውሉ እንደዚያው ተጻፈ፤ እርሱም ፈረመ።